የታካሚ ቤተሰብ ቅሬታ ሲያመጣ ዋርድ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ አልጋ የያዘ ታካሚ ብዙ ጊዜ ከመንዝ፣ ከይፋት ወይም ከጅሩ በሪፈር የመጣ ነው። ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ ደክሟል፣ የመኪና ከፍሏል፣ በዚያ ብርድ ወለል ላይ አድሯል። ቅሬታ የሚያሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነርሶች፣ የዋርድ ኃላፊዎችና ቅሬታ ሰሚዎች ብንተዋቸው የምላቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

የሚጮኸውን ብቻ መስማት

ታካሚው በተኛ በሦስተኛው ቀን ገደማ ከአዲስ አበባ አንድ የተማረ ዘመድ ይደርሳል። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ኃላፊው የታለ?» ይላል። ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል። እሱ ግን ምንም አላየም፤ የነገሩትን ነው የሚናገረው። ያዩት አልጋው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት እናት ናቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ምን አዩ?» ሲባሉ መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ያልተማርኩ ሰው» ይላሉ። ትንሽ ከታገሷቸው ግን እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦ «ግሉኮሱ ያለቀው ዶሮ ሳይጮህ ነው። ደሙ ወደ ገመዱ ተመለሰ። ሄጄ ባንኳኳ ‹እመጣለሁ› አለችኝ። የመጣችው ሲነጋጋ ነው።» ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ከየት ይገኛል? በራሳቸው ቃል ጻፉት፣ አንብቡላቸው፣ መፈረም ካልቻሉ በጣት አሻራ ያረጋግጡ። ዘመዱም አብሮ ይስማ። መከበር አለበት፣ ግን በእናቲቱ ፋንታ አይናገር።

ሰዓቱን አጣሩ። ቤተሰብ «ስምንት ሰዓት ላይ» ሲል ሌሊት ነው ቀን? ካርዱስ የተጻፈው በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ? በዚህ የተነሳ ተረኛ ያልነበረ ሰው ሲወቀስ ይታያል።

ምርመራውን በሽምግልና መተካት

እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው ይሄ ነው። አገራችን ሽምግልና ያውቃል፣ ጥሩ ነው። ቅሬታ ሲነሳ ግን አንድ ቄስ ወይም የሚከበር ሰው ይጠራል፣ ነርሷ ተነስታ ይቅርታ ትላለች፣ ቤተሰቡ «እግዜር ይቅር ይበለን» ይላል፣ አለቀ። ማን ደፍሮ ሽማግሌ ፊት «አልረካሁም» ይላል? ነውር ነው። ስለዚህ ዝም ይላሉ፣ እኛም ተስማሙ ብለን መዝገብ እንዘጋለን።

ቅሬታ ጠብ አይደለም። ግሉኮሱ ለምን ሳይቀየር አደረ? ያቺ ተረኛ በዚያ ሌሊት ስንት ታካሚ ይዛ ነበር? የያዛት ሌላ ድንገተኛ ታካሚ ነበር ወይስ ተኝታ ነበር? ይህ ሳይጠየቅ የተባለ ይቅርታ ለነርሷም አይጠቅማትም። ጥፋቱ የሰው ማነስ ከሆነ እሷ ብቻዋን ተሸከመችው ማለት ነው። መታረቁ ይምጣ፣ ግን ካርዱ ታይቶ፣ ተረኞቹ ተጠይቀው፣ የተገኘው ለቤተሰቡ ከተነገረ በኋላ።

ካርድ መነካካት

ቅሬታ ከተሰማ በኋላ የሚጨመር ነገር ካለ የተጻፈበት ቀንና ሰዓት፣ ፊርማም ይኑረው። የቀድሞውን መደለዝ ወይም ሉህ መቀየር ትንሹን ጥፋት ወንጀል ያደርገዋል። ሌላ ምን ይባላል።

ለቤተሰብ ሁሉን መዘክዘክ

ራሳችንን ለመከላከል ስንል የታካሚውን ምስጢር እናወጣለን። «እሱ እኮ ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ በሽታ ነበረበት» ይባላል፣ ሚስት ፊት። ታካሚው ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ፤ ለማን ምን እንዲነገር እንደሚፈቅድ። የጤና ባለሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ጭምር የተደነገገ ነው። ወንድም ስለተቆጣ አይነሳም።

«መድኃኒት የለም፣ ፋርማሲ ጠይቁ»

የጤና መድን መታወቂያ ይዞ፣ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ፣ «ከውጭ ግዙ» የተባለ ሰው ንዴት እንግዳ አይደለም። ዋርዱ ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። ግን ከመስኮት ወደ መስኮት አታንከራትቱት። የጠፋው መድኃኒት ስም ይጻፍለት፣ ማኅተም ይደረግበት፣ ደረሰኝ እንዲይዝ ይነገረው። ገንዘቡ ይመለስልሃል ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። ያን የሚወስነው የወረዳው ጤና መድን ነው።

«ነገ ተመለሱ»

ከመሐል ሜዳ ለመጣ ሰው ነገ ማለት ሌላ የመኪና ሒሳብ ነው። ስልክ ቁጥሩን ያዙ፣ ቀን ቁረጡ፣ ማጣራቱን ባትጨርሱም በቀኑ ደውሉ።

ታካሚው ገና አልጋ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ፦ «ከተናገርን በሽተኛችንን ማን ያይልናል?» ብዙዎች እስኪወጡ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው። ቅሬታ በቀረበ ማግሥት የዋርድ ኃላፊው ራሱ አልጋው ድረስ ሄዶ «እንዴት አደሩ» ቢል ያ ፍርሃት ይቀንሳል።

ሞት ሲኖር

አስከሬን ሊወጣ ሲል ስለ ክፍያና ስለ ፎርም ማውራት ይቅር። ዋናውን ንግግር ከሰልስት በኋላ አድርጉት። አንድ ነገር ግን ሊቆይ አይችልም። ቤተሰቡ አሟሟቱን ከተጠራጠረና አስከሬን እንዲመረመር ከፈለገ በፖሊስ በኩል የሚጠየቅ መሆኑን ከቀብር በፊት ማወቅ አለበት። እኛ ቀብር ይለፍ ብለን ዝም ካልን መብታቸውን አብረን ቀበርነው።

ቀጣዩን በር መደበቅ

መልሳችን ካላረካቸው ወዴት እንደሚሄዱ ንገሯቸው። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አለ። በባለሙያ ሥነ ምግባር ጉዳይ የክልሉ ጤና ተቆጣጣሪ፣ በአስተዳደር በደል ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በቃል ሳይሆን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው። ከሥር ስማችሁንና የሥራ ድርሻችሁን ጨምሩበት።