ኔትወርክ ቢቆራረጥም ትምህርቱ እንዳይቋረጥ

በስልክ የሚሰጥ የርቀት ትምህርት የምታዘጋጁ፣ ኔትወርክ የለም ብላችሁ ጀምሩ፤ ሲመጣ ትርፍ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን ቀንሱ። በሰከንድ 500 ኪሎቢት የሆነ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 37 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ያው ማብራሪያ በድምፅ ብቻ፣ በኦፐስ (ድምፅን አሳንሶ የሚያስቀምጥ ፎርማት)፣ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰከንድ በ24 ኪሎቢት ሲቀዳ 2 ሜጋባይት አይሞላም፤ ለንግግር ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ቪዲዮ፣ እጅ ሲሠራ መታየት ላለበት ነገር ብቻ ይቆይ። ፒዲኤፍን ተዉት፤ ጽሑፉ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ስለማይስማማ ተማሪው ግራና ቀኝ ሲጎትት ይውላል።

ሙድል (Moodle) የተባለውን የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ፈተናው በመተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የሚፈቅደውን ምርጫ በየፈተናው ቅንብር ውስጥ አብሩ። የሰዓት ገደብ ካለው ግን አይሠራም። እርማቱም ከማስረከብ በኋላ የሚታይ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

የራሳችሁን መተግበሪያ ለምትሠሩ፣ ትልቁ አደጋ መላኩ ላይ ነው። መልሱ ሰርቨር ይደርስና “ደርሷል” የሚለው ምላሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስልኩ እንደገና ይልካል፤ አንዱ ፈተና ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መፍትሔው፣ እያንዳንዱ መልስ ገና ስልኩ ላይ ሳለ የራሱ መለያ ይሰጠው። ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ዳግም ካየ አይመዝግብ፣ ግን “ደርሷል” ብሎ ይመልስ። ይህ ምላሽ እስኪመጣ መልሱ ከስልኩ አይጥፋ። ተማሪውም “ያልተላከ፦ 2” የሚል ጽሑፍ ፊት ለፊት ይታየው፤ አለበለዚያ የተላከ መስሎት መተግበሪያውን ያራግፈዋል፣ መልሱም አብሮ ይጠፋል።