በኬሚስትነት የግል የማማከር ሥራ መጀመር፦ ከቃሊቲ እስከ ገላን

«ኬሚስት፣ አማካሪ» የሚል ካርድ ብቻ ይዞ ፋብሪካ ማንኳኳት ብዙ አያራምድም። በዚህ መስመር ያሉ ትንንሽ የበረኪናና የፈሳሽ ሳሙና አምራቾች ገንዘብ የሚያወጡት ምርታቸው ለምን እንደተመለሰ ለሚነግራቸው ሰው ነው። ስለዚህ በአንድ ልኬት ይጀምሩ። የበረኪና ጥንካሬ ጥሩ መግቢያ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

10 ሚሊ ሊትር በረኪና በዲስቲልድ ውሃ እስከ 100 ያድርሱ። ከዚያ 10 ሚሊ ወስደው መጀመሪያ 2 ግራም ያህል ፖታሲየም አዮዳይድ፣ ቀጥሎ 10 ሚሊ አሴቲክ አሲድ ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ውጤቱንም ዝቅ ያደርጋል። የተፈጠረው አዮዲን ፈሳሹን ቡናማ ያደርገዋል። ከቢሬት (መጠን ከተጻፈበት ማንጠባጠቢያ ቱቦ) 0.1 ኖርማል ሶዲየም ታዮሰልፌት እያንጠባጠቡ ቡናማው ወደ ፈዛዛ ቢጫ ሲለወጥ ስታርች ያስገቡ፤ ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል። ቶሎ ከገባ አዮዲኑን ስለሚይዝ ማብቂያው ይዛባል። ሰማያዊው ሲጠፋ ያነበቡትን ሚሊ በ0.372 ያባዙ። 13.4 ሚሊ ከወጣ በረኪናው 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (የሚያነጣው ንጥረ ነገር) አለው ማለት ነው። ታዮሰልፌቱ እያደር ስለሚደክም በፖታሲየም አዮዴት ያመሳክሩት።

ቁጥሩን ብቻ አስረክቦ መሄድ ግን ማማከር አይባልም። ከበርሜሉም ሱቅ ከሰነበተው ጠርሙስም ይለኩ። በርሜሉ ደህና ሆኖ ጠርሙሱ ከደከመ ፀሐይ የሚያስገባውን ሃይላንድ ይጠርጥሩ። ሁለቱም ከደከሙ ጥሬ ዕቃውን፣ የብረት ቧንቧውንና ፒኤቹን (የአሲድና የቤዝ መለኪያውን) ይዩ፤ ፒኤቹ ከ11 በታች ከወረደ በረኪና ቶሎ ይበላሻል።

የፈሳሽ ሳሙና ስሞታ ሁልጊዜ «ቀጠነ» ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጨው ይመስላቸዋል። ጨው እስከ ወሰኑ ያወፍራል፣ ካለፈ መልሶ ያቀጥናል። በርሜሉን ሳይነኩ በ200 ግራም ናሙና ላይ በጥቂት በጥቂቱ ሞክረው ወሰኑን ያሳዩዋቸው።

ቢሮዎ አቃቂ ቃሊቲ ከሆነ ንግድ ፈቃዱ በአዲስ አበባ ንግድ ቢሮ፣ ገላን ወይም ሰበታ ከሆነ በሸገር ከተማ በኩል ነው። ቤት ከመከራየትዎ በፊት የሥራ መደቡ የብቃት ማረጋገጫ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ቲንና ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለውን ሰው ፋብሪካው ወጪ አድርጎ መያዝ ስለማይችል አይቀጥረውም።

ውሉ ሁለት ገጽ ይበቃዋል፦ ስንት ናሙና፣ ስንት ጉብኝት፣ ግማሽ ቅድሚያ ክፍያ፣ የቅመማውን ምስጢር መጠበቅ። ሪፖርቱ ላይ «ደረጃውን አሟልቷል» ብለው አይጻፉ፤ ይህን የሚሰጠው እንደ ኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ያለ ተቋም ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹን አሽገው ያስቀምጡ። የበረኪናው ግን ታሽጎም ስለሚደክም ለክርክር አይሆንም፤ ልኬታውን አምራቹ ባለበት ሠርተው ውጤቱንና ቀኑን ያስፈርሙት።