የእናት የሕክምና ካርድ በስንት ስልክ ያልፋል? ጎንደር ያለ ቤተሰብ ለሚያሳክሙ

ከውጭ ሆናችሁ ጎንደር ያለ ወላጅ የምታሳክሙ ከሆነ፣ ምስጢር የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ ሳይሆን እኛው ነን። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣውን የላብራቶሪ ውጤት የአክስት ልጅ ፎቶ ያነሳና የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል፤ ማታውኑ ዋሽንግተንም አዘዞም ይወራል። በሽታውን የመጨረሻ የሚሰሙት ደግሞ ታማሚዋ ናቸው፤ «እንዳይደነግጡ» ተብሎ።

ስለዚህ ከሐኪሙም በፊት እናትን ጠይቁ፦ «እማዬ፣ ውጤትሽን ማን ይይልሽ? ማንስ አይስማ?» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን የተባለው ከሐኪም ለሚደብቅ ነው፤ ለዕድር ሁሉ ይነገር አልተባለም።

ውክልና ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤምባሲ ሄዳችሁ ለወንድማችሁ የሰጣችሁት ውክልና የእናንተን ጉዳይ እንጂ የእናትን ካርድ አያስከፍትም። ካርዱ የእሳቸው ነው፤ አቅምና ልቡና እስካላቸው ፈቃዱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ይምረጡ፣ ያም ሰው የሕክምና ማስረጃ ጠይቆ ቅጂ መቀበል እንዲችል በጽሑፍ ይግለጹለት። የራሳችሁን የድሮ ካርድ ጎንደር ካለ ሆስፒታል የምታስወጡ ከሆነ ግን ውክልናው ከእናንተ ይሁን፤ «የሕክምና ማስረጃዬን ጠይቆ እንዲረከብ» የሚለውን በግልጽ አስጽፉ። ጠቅላላ ውክልና በሕጉ የአስተዳደር ሥራን (ንብረት መጠበቅን የመሰለውን) ብቻ ስለሚሸፍን አትመኩበት። ኤምባሲ የተፈረመው አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደሚያረጋግጠው አትርሱ።

ሕጉ የባለሙያውን አፍ ይይዛል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪም ወይም ነርስ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ ይጠየቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአክስት ልጅን ግን አንቀጽ 399 አያገኘውም። እሱን በዋናነት የሚይዘው የእናንተ የቤተሰቡ ስምምነት ነው።

ውጤቱ የግድ በስልክ መምጣት ካለበት በግሩፕ አይሁን። የቴሌግራም ተራ መልእክት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ «ሚስጥራዊ ቻት» የሚለውን ከፍታችሁ መልእክቱ በራሱ የሚጠፋበትን ሰዓት ሙሉለት፣ ወይም በዋትስአፕ አንዴ ብቻ የሚታይ ፎቶ አስልኩ። ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ ቁጥር ያለበት ጥግ በወረቀት ይሸፈን። ለሌላ አገር ሐኪም የምታሳዩትም ቢሆን ዕድሜና ምርመራው ይበቃል።

ለሕክምና ገንዘብ ስታሰባስቡም ለጋሹ ማየት የሚፈልገው የሆስፒታሉን ማኅተምና የሚያስፈልገውን ብር ነው፤ የደም ውጤቱን ምን ያደርግለታል?

ውጤቱን ፎቶ አንስቶ የላከላችሁ ልጅ ስልኩን ሊሸጥ ወይም ሊያሠራ ፒያሳ ከመውሰዱ በፊት ደግሞ ከቴሌግራም ይውጣ፣ ጋለሪውንም ያጽዳ። የላካቸው ፎቶዎች እዚያው ናቸውና።