የላቲን ስሞች ጅራታቸው ለምን ይቀያየራል? ሙያቸውን ለይቶ ማንበብ እንዴት እንደሚቻል

ላቲን ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚሰጧችሁ ሰንጠረዥ ነው። ሮዛ፣ ሮዛም፣ ሮዛይ... በቃ ሸምድዱ! እኔ ግን ለጊዜው ዝጉት እላለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ግማሹን መንገድ ሄዶታል።

«ውሻው ሰውየውን ነከሰው» በሉ። አሁን ደግሞ «ሰውየውን ውሻው ነከሰው»። ቦታ ተቀያየሩ፣ ነካሹ ግን ያው ውሻው ነው፤ «ን» የተነከሰውን ስለምታሳይ። ላቲንም እንደዚሁ ነው። «ካኒስ ሆሚነም ሞርደት» አላችሁ፣ «ሆሚነም ካኒስ ሞርደት» አላችሁ፣ የተነከሰው ሰውየው ነው። «ካነም ሆሞ ሞርደት» ካላችሁ ግን ጉድ ፈላ፣ ሰውየው ውሻውን ነከሰ። ግእዝ የተማረ ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል፤ «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን «ንጉሠ» እንደሚባለው፣ ላቲንም የቃሉን መጨረሻ ነው የሚለውጠው።

እንግዲህ መጀመሪያ ሙያዎቹን፣ ማለትም ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ፣ ከምታውቁት ጋር አዛምዱ። ኖሚናቲቭ ባለቤቱ ነው። አኩዛቲቭ የኛ «ን»፣ ጄኒቲቭ «የ»፣ ዳቲቭ «ለ» ናቸው። አብላቲቭ «በ»ንም «ከ»ንም ጠቅልሎ ይዟል፤ «ግላዲዮ» ማለት «በሰይፍ» ነው። ቮካቲቭ መጥሪያ ነው፤ ማርኩስን ስትጠሩት «ማርኬ!» ትላላችሁ።

ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር ሲሰጣችሁ ከግሱ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ይህን እዩ፦ «ፑኤላይ ሮዛም አግሪኮላ ዳት»። «ዳት» ማለት «ይሰጣል» ወይም «ትሰጣለች» ነው፤ «ት»ዋ ሰጪው አንድ መሆኑን ትነግረናለች። «ሮዛም» በ«ም» ስላለቀ ተሳቢ ነው፣ ጽጌረዳውን ማለት ነው። «አግሪኮላ»፣ ገበሬው፣ ባለቤት ነው። የምታስቸግረው «ፑኤላይ» ናት፤ «የልጅቷ»፣ «ለልጅቷ» ወይም «ልጃገረዶች» ልትሆን ትችላለች። እዚህ ሰንጠረዥ ብቻውን አያድናችሁም። ግሱ ነጠላ ስለሆነ «ልጃገረዶች» ወደቀ። መስጠት ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፣ ስለዚህ «ገበሬው ለልጅቷ ጽጌረዳ ይሰጣል»። «የልጅቷን ጽጌረዳ ይሰጣል» ማለትም በሰዋስው ስህተት አይደለም፤ የሚለየው ዙሪያው ያለው ታሪክ ነው።

ከዚያ መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ሁለቱንም ቅርጽ ያዙ። «ሬክስ፣ ሬጊስ» ተብሎ ከተጻፈ ሁለተኛው ጄኒቲቩ ነው፤ ከሱ ላይ «ኢስ»ን ስትነቅሉ የቀረው «ሬግ» ግንዱ ነው፣ ሌሎቹ ቅጥያዎች የሚለጠፉት እሱ ላይ ነው። ይህን ዘልለው የሚሄዱ ሰዎች በኋላ ብዙ ይደክማሉ።

መስተዋድድ ካለ ከስሙ ጅራት ጋር አብራችሁ አንብቡት። «ኢን ኡርበም» በአኩዛቲቭ ወደ ከተማ መግባት ነው፤ «ኢን ኡርበ» በአብላቲቭ ከተማ ውስጥ መሆን። የከተማ ስም ግን መስተዋድድ አይፈልግም፦ «ሮማም» ወደ ሮም፣ «ሮማይ» ሮም ውስጥ።

ሁለት ወጥመዶችም አሉ። እንደ «ቤሉም»፣ ጦርነት፣ ያሉ ጾታ የለሽ ስሞች ባለቤትም ተሳቢም ሲሆኑ ቅርጻቸው አንድ ነው፣ «ም» አይታችሁ አትቸኩሉ። ሌላው፣ አንዳንድ ግሶች አኩዛቲቭ ሲጠበቅ ዳቲቭ ይወስዳሉ። «ማርኮ ክሬዶ» ቃል በቃል «ለማርኩስ አምናለሁ» ይመስላል፤ እኛ ግን «ማርኩስን አምነዋለሁ» ነው የምንለው።