ካርዱ እምቢ ሲል፦ በክሬዲት ሊሚትና ከባንክ ጋር በመነጋገር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰመር ሲቃረብ አሜሪካ ያለ አበሻ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ዘንድሮ አገር ቤት እንሄዳለን ወይ?» እንሄዳለን ከተባለ የአራት ሰው ትኬት ይፈለጋል። በዚያ ሰሞን ዋጋው ሺዎች ነው። ካርዱ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይገባል፣ ዲክላይን ያደርጋል። እንደገና ይሞከራል፣ ያው ነው። ከዚያ ስልክ፣ የማያልቅ ሙዚቃ፣ በመጨረሻም ጭቅጭቅ።

ባንኮች ጥፋት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ሞልቷቸዋል። ነገር ግን ካርድ እምቢ የሚልበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሊሚቱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ማጭበርበርን የሚቆጣጠረው ሲስተም ጠርጥሮ ሊሆን ይችላል። የሆነ ቦታ የተያዘ ገንዘብም ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱን ጉዳይ የሚያየው ክፍል ሌላ ነው። አብዛኛው ንዴት የሚመጣው ጉዳዩን ለማይመለከተው ክፍል እየጮህን ስለምንውል ነው።

ሊሚቱን ሁሉ የሚገዙበት ገንዘብ አድርጎ ማሰብ

ሊሚት ማለት ባንኩ ቢበዛ እስከዚህ አበድራለሁ ያለው ጣሪያ ነው። የሚገዙበት ግን ዕዳው ተቀንሶ የቀረው ነው። ሊሚትዎ 6,000 ዶላር ሆኖ 1,400 ካለብዎት የቀረዎት 4,600 ነው። ይህን ማንም ያውቀዋል። የሚረሳው ስቴትመንት (በየወሩ የሚመጣው የሂሳብ መግለጫ) ላይ ገና ያልወጣው፣ ግን የተያዘው ገንዘብ ነው።

ነዳጅ ማደያ ካርድዎን ሲያስገቡ ማሽኑ ስንት እንደሚቀዱ አያውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ ይይዛል። ቪዛና ማስተርካርድ እስከ 175 ዶላር እንዲያዝ ይፈቅዳሉ። እርስዎ የ40 ዶላር ቀድተው ቢሄዱም ትልቁ መጠን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ተይዞ ሊቆይ ይችላል። ኡበር የሚነዳ ሰው በቀን ሁለቴ ሲቀዳ ምን እንደሚፈጠር ያስቡት። ሆቴልና የኪራይ መኪና ደግሞ ይብሳሉ፤ ለማስያዣ ብለው ብዙ መቶ ዶላር ይይዛሉ። በክሬዲት ካርድ ሲሆን የሚያዘው ቀሪ ሊሚትዎ ነው። በዴቢት ካርድ ሲሆን ግን የቤት ኪራይ የሚከፍሉበት የራስዎ ገንዘብ ነው። መኪና ሲከራዩ ዴቢት አይስጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሳያዘጋጁ ትልቅ ግዢ ውስጥ መግባት፣ ከዚያም ደጋግሞ መሞከር

የባንኩ ኮምፒውተር የእርስዎን አመል ያውቃል። ነዳጅ፣ ግሮሰሪ፣ የልጆች ጫማ። ይህ ካርድ በድንገት በሌሊት የአምስት ሺህ ዶላር የአውሮፕላን ትኬት ሲገዛ ሌባ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ብዙውን ጊዜ ወዲያው በስልክዎ «ይህ ግዢ የእርስዎ ነው?» የሚል መልእክት ይልካል። አዎ ካሉት በኋላ እንደገና ሲሞክሩ ያልፋል። ችግሩ ስልክ ቁጥር እንቀይርና ለባንክ ሳንነግር እንቀራለን። መልእክቱ አሮጌው ቁጥር ላይ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ ካርዱን አምስት ጊዜ እንሞክራለን። እንዲህ መደጋገም ጥርጣሬውን ይጨምራል፤ ካርዱ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል።

አንዴ እምቢ ካለ ያቁሙ። አፑን ከፍተው ቀሪ ሊሚትዎን ይዩ። ገንዘቡ የሚበቃ ከሆነ ጉዳዩ የሊሚት አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ደውለው የማጭበርበር ክፍሉን፣ እነሱ «ፍሮድ ዲፓርትመንት» የሚሉትን ይጠይቁ። የማይበቃ ከሆነ ደግሞ የትኬት ቢሮው በሁለት ካርድ ከፋፍሎ እንዲያስከፍልዎ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ዴቢት ካርድ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ሂሳብዎ ውስጥ ሃያ ሺህ ቢኖርም በቀን ከዚህ በላይ መግዛት አይቻልም የሚል ገደብ አለው። ደውለው ለአንድ ቀን ከፍ እንዲያደርጉልዎ መጠየቅ ይቻላል።

ከፍዬዋለሁና ሊሚቱ ተመልሷል ብሎ ወዲያው መግዛት

ዛሬ የከፈሉት ዛሬውኑ ቀሪ ሊሚት ላይ ላይታይ ይችላል። በተለይ ክፍያው ከወትሮው ከፍ ያለ ከሆነ ባንኩ ገንዘቡ እስኪረጋገጥ ለቀናት ሊያቆየው ይችላል። ትኬት ለመግዛት ካሰቡ ከአንድ ሳምንት በፊት ይክፈሉ።

በክሬዲት ካርድ ብር ወደ አገር ቤት መላክ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የብዙ ሰው ኪስ የሚፈስበት ቦታ ስለሆነ። እናት ታመዋል ይባላል፣ ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ የለም፣ መላኪያ አፑ ላይ ክሬዲት ካርዱ ይገባል። ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ግዢ አያዩትም። ከካርዱ ላይ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጡ ነው የሚቆጥሩት። ካሽ አድቫንስ ይሉታል።

ልዩነቱ ከባድ ነው። አንደኛ፣ ካሽ አድቫንስ የራሱ ሊሚት አለው፤ ከዋናው ሊሚት በጣም ያንሳል። አምስት ሺህ ቀሪ እያለዎት ስምንት መቶ ዶላር መላክ እምቢ የሚልዎ በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የራሱ ክፍያ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሚወስዱት ገንዘብ ከ3 እስከ 5 በመቶ። ሦስተኛ፣ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ግዢ ላይ ሙሉውን ሂሳብ በቀኑ ከከፈሉ ወለድ የለም፤ እዚህ ያ ፋታ የለም። የወለዱ መጠንም ከግዢው ከፍ ይላል። ከባንክ ሂሳብ ወይም በዴቢት መላክ ይሻላል። የግድ ከሆነ ግን አስቀድመው ደውለው «ይህ እንደ ካሽ አድቫንስ ይቆጠራል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

«ሊሚቴን ጨምሩልኝ» ብሎ በደፈናው መጠየቅ

ብዙ ሰው ካርዱን ሲያወጣ የሞላው ገቢ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረው ነው። ያኔ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፣ አሁን ነርስ ነው። ባንኩ ግን የሚያውቀው ፓርኪንጉን ነው። በአሜሪካ ሕግ ባንኩ ሊሚት ከመጨመሩ በፊት የመክፈል አቅምዎን ማየት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ አፑ ላይ ገቢዎን ያስተካክሉ። ዕድሜዎ 21 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በእጅዎ የሚገባ የባለቤትዎን ገቢም መጨመር ይችላሉ። ይህን ብዙ የቤት እመቤቶች አያውቁትም። ማጋነን ግን የለም። ብድር ለማግኘት ብሎ ለባንክ የሐሰት ገቢ መስጠት በፌዴራል ደረጃ ወንጀል ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይጠይቁ፦ «ይህ ጥያቄ ሃርድ ኢንኳየሪ ያመጣል ወይ?» አንዳንዱ ባንክ ስኮርዎን፣ ማለትም አበዳሪዎች የሚያዩትን የክሬዲት ነጥብዎን፣ ሳይነካ ያያል፤ ሌላው ግን የብድርና የአከፋፈል ታሪክዎ በሚጻፍበት የክሬዲት ሪፖርትዎ ላይ ለሁለት ዓመት የሚቆይ ምርመራ ያስመዘግባል። ቤት ለመግዛት እየተዘጋጁ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄዎ ውድቅ ቢሆን ደግሞ ደብዳቤውን አይጣሉት። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ፣ ምክንያቱንም መናገር ግዴታው ነው። «ዕዳዎ ከሊሚትዎ አንጻር በዝቷል»፣ «ሂሳቡ አዲስ ነው»፣ ወይም ሌላ ይላል። የክሬዲት ሪፖርትዎን አይቶ ከሆነም የትኛው ድርጅት እንደሰጠው ይጽፋል፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን ወይም ትራንስዩኒየን። ከዚያ ድርጅት በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርትዎን በነጻ መጠየቅ ይችላሉ። ስልክ ላይ አንድ ሰዓት ተጨቃጭቀው የማያገኙት መልስ እዚያ ወረቀት ላይ አለ።

«ዕዳዎ በዝቷል» የሚለውን በተመለከተ፣ ባንኩ ለእነዚህ ሦስት ድርጅቶች የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው። እርስዎ ግን የሚከፍሉት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በመክፈያው ቀን። በየወሩ ሙሉውን እየከፈሉ እንኳ ሪፖርቱ ላይ ካርዱ ጢም ብሎ ሞልቶ ይታያል። ስኮርዎ ውስጥ የዕዳው መጠን 30 በመቶ ያህል ድርሻ ስላለው ይህ ያስከፍላል። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ከጥቂት ቀናት በፊት መክፈል በቂ ነው።

ስልኩን አንስቶ መጮህ

መጀመሪያ የሚያነሳው ሰው ሊሚትዎን አልቀነሰም። አብዛኛውን ጊዜም የመጨመር ሥልጣን የለውም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈለትን ነው የሚያነበው። እሱ ላይ ቢጮሁ ማስታወሻው ላይ «ደንበኛው ተቆጥቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ የሚያነሳው ደግሞ ያን አንብቦ ይጠብቅዎታል። የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፣ ካልቻለ ሱፐርቫይዘር እንዲያገናኝዎ በትሕትና ይጠይቁ። ቀኑን፣ የሰውየውን ስምና የጉዳዩን ቁጥር ይጻፉ። እኛ ዘንድ ትልቁ ጉድለት ይህ መጻፍ ነው። «አንዷ ሴትዮ እንዲህ ብላኝ ነበር» የሚለው የትም አያደርስም።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ብዙ ትልልቅ ባንኮች በስልክ የአስተርጓሚ አገልግሎት አላቸው። «አምሃሪክ፣ ፕሊስ» ማለት ይበቃል፤ ጥቂት ደቂቃ ያስጠብቃሉ። ከዚያ ይልቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተጠርቶ «ነይ እስኪ፣ ምን እንደሚል ንገሪኝ» ይባላል። ልጅቷ የወለድን ነገር ከየት ታውቀዋለች? የቤቱን ዕዳ ሁሉ መስማትስ አለባት? ባንኩም ቢሆን የሂሳቡ ባለቤት ሳይፈቅድ አያናግራትም።

የሚደውሉበት ቁጥር ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ያገኙት ቁጥር የአጭበርባሪ ሊሆን ይችላል። «ከባንክዎ ነው የምንደውለው፣ ካርድዎ ታግዷል፣ አሁን የላክንልዎትን ኮድ ያንብቡልን» የሚል ከደወለ ዘግተው ራስዎ ይደውሉ። ያ ኮድ የሂሳብዎ ቁልፍ ነው።

ያልገዙትን ነገር በስልክ ብቻ መከራከር

ስቴትመንትዎ ላይ የማያውቁት ሂሳብ ሲያዩ መደወል ጥሩ ጅምር ነው። ግን እዚያ ላይ አይቁም። ከ1974 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ሕግ ሙሉ ጥበቃ የሚሰጠው በጽሑፍ ላመለከተ ነው፤ ስህተቱ ያለበት ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ። ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ ወደሚልኩበት አድራሻ ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ ለቢል ጥያቄዎች ተብሎ ወደተጻፈው ነው። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ማለት፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ ደግሞ መጨረስ አለበት። እስከዚያ የተከራከሩበትን መጠን አለመክፈል ይችላሉ። የቀረውን ግን በቀኑ ይክፈሉ። «ገና እየተከራከርኩ ነው» ብለው ሁሉንም ካቆሙ ዘገየ ተብለው የሚመዘገቡት እርስዎ ነዎት።

ክሬዲት ካርድዎን ሰው ቢጠቀምበት በሕግ ሊጠየቁ የሚችሉት ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ዴቢት ሲሆን ግን ሰዓቱ ይቆጠራል። ካርድዎ መጥፋቱን ካወቁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቁ 50 ነው፤ ከዘገዩ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። ስቴትመንቱ ከተላከ በኋላ ሳያሳውቁ 60 ቀን ካሳለፉ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ሁሉ ሊያጡ ይችላሉ።

ከባንኩ በላይ ማንም የለም ብሎ መተው

አለ። በ2010 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አለ፤ ሲኤፍፒቢ ይሉታል። ቅሬታውን ድረ ገጹ ላይ ይሞላሉ፣ ቢሮው ለባንኩ ይልካል፣ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። ቅሬታው ሲጻፍ ስድብና ታሪክ አያስፈልገውም። ቀን፣ መጠን፣ ማን ምን እንዳለዎት፣ ምን እንዲደረግልዎ እንደሚፈልጉ። ያ የጻፉት የስልክ ማስታወሻ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው።

ተናዶ ካርዱን መዝጋት

«በቃ ዝጉልኝ!» ማለት ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ካርዱ ሲዘጋ ሊሚቱ ከጠቅላላ ሊሚትዎ ላይ ይቀነሳል። ሁለት ካርድ ኖሮዎት አንዱ 6,000፣ ሌላው 4,000 ከሆነና 2,000 ዕዳ ካለብዎት፣ የተጠቀሙት 20 በመቶ ነው። ትልቁን ሲዘጉ በአንድ ጊዜ 50 በመቶ ይሆናል። ካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ኖሮት ከሆነ ያስመረረዎት፣ ከመዝጋት ይልቅ ክፍያ ወደሌለው ሌላ ካርድ እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ። ብዙ ባንኮች ቁጥሩን ወይም ቢያንስ የሂሳቡን ዕድሜ እንደያዘ ያደርጉታል። መዝጋቱ የግድ ከሆነና የቤት ብድር እየጠየቁ ከሆነ ብድሩ ጸድቆ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ይሁን፣ በካርዱ በራሱ ጊዜ የሚቆረጡትንም አስቀድመው ይፈትሹ፤ ስልኩ፣ የመኪና ኢንሹራንሱ፣ የልጆቹ ኔትፍሊክስ።