ብሩ ነጣ፣ ጌጡ ጠፋ

ባለፈው ክረምት አንዲት ደንበኛ የፈረንሳይ የብር ቡና ማቅረቢያ ይዛ መጣች። እንደ መስታወት ያበራል። «እንዴት ነው?» አለችኝ ፈገግ ብላ። ክዳኑ ሥር ተቀርጸው የነበሩት ዛጎሎች ጠጠር መስለዋል፣ አካንቱስ የሚባለው ባለ ጥርስ የጌጥ ቅጠል ጅማቱ የለም፣ ማህተሙም ግማሹ ሄዷል። ባለቤቷ በኤሌክትሪክ መወልወያ ሲፈትገው ውሏል።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ። ብር የሚጠቁረው ስለቆሸሸ አይደለም። አየሩ፣ እንቁላሉ፣ የተጠቀለለበት ሱፍ፣ የታሰረበት ላስቲክ ሁሉ ድኝ አለባቸው፤ ድኙ ከብሩ ጋር ሲዋሃድ ስስ ጥቁር ልብስ ያለብሰዋል። ከላይ ያለውን በለስላሳ ጨርቅ አንሱት። ጎድጓዳው ውስጥ የቀረውን ግን ተዉልኝ፣ እሱ ጥላ ነው! አንጥረኛው ቅጠሉን ከኋላ ደብድቦ ካስወጣ በኋላ ከፊት ጅማት በጅማት የቀረጸው ብርሃንና ጥላ እንዲጫወቱበት ነው። መወልወያ በነካው ቁጥር ብር ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚሄደው ከፍ ብሎ የወጣው ነው፤ ከፍ ብሎ የወጣው ደግሞ ጌጡ ነው። አንዴ ከሄደ የሚመልሰው ባለሙያ የለም፤ እመልሳለሁ የሚላችሁ አዲስ ሊቀርጽባችሁ ነው።

ከኢንተርኔት የተማሩም አሉ፦ አሉሚኒየም ፎይል፣ ሶዳ፣ የፈላ ውሃ። ይሠራል፤ ድኙ ብሩን ለቆ ወደ አሉሚኒየሙ ያልፋል። ግን ጎድጓዳውንም አብሮ ያነጣዋል። ልሙጥ ማንኪያ ከሆነ ግድ የለኝም። የአበባ ጉንጉን ያለበትን ከከተታችሁ የጀሶ አበባ ታወጣላችሁ።

«ብር ነው ብለው ሸጡልኝ» የሚሉኝ ደግሞ ማህተሙን ሳያዩ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1838 ጀምሮ የፈረንሳይ የብር ዕቃ ቆብ የደፋችው የሮማዊቷ አምላክ የሚኔርቫ ራስ ይመታበታል። በድሮው ዕቃ ላይ ከራሷ አጠገብ 1 ቁጥር ካለ ከሺህ 950 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ 2 ከሆነ 800። አያቶቻችን አቅልጠው መስቀልና አምባር ያሠሩበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 833 ገደማ መሆኑን ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል። ትናንሾቹ ዕቃዎች ላይ የከርከሮ ራስ ወይም ሸርጣን ትፈልጋላችሁ። የሠሪው ማህተም በብር ላይ በማዕዘኑ የቆመ የአልማዝ ቅርጽ ነው፤ በብር ቅብ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ካሬ። አጉሊ መነጽር ከስልካችሁ ሽፋን ይረክሳል፣ ግዙ።

አንዱ ወዳጄ ሹካው ላይ 84 የሚል ቁጥር አይቶ «የሩሲያ ብር ነው!» ብሎ ሮጦ መጣ። በድሮው የሩሲያ መለኪያ 84 እውነትም ብር ነው፣ 875። በፈረንሳይ ቅብ ላይ ግን 84 ማለት 12 ሹካና 12 ማንኪያ ላይ በድምሩ 84 ግራም ብር ተቀብቷል ማለት ነው፤ ለአንዱ 3.5 ግራም። ቅብ መሆኑ አያሳፍርም፤ የፈረንሳዩ የብር ዕቃ ሠሪ ክሪስቶፍል እ.ኤ.አ. በ1842 በኤሌክትሪክ የመቀባቱን ፓተንት ከያዘ ወዲህ እጅግ ያማረ ሥራ ወጥቷል። የሚያሳፍረው በብር ዋጋ መግዛቱ ነው። ቅብን አብዝታችሁ ከወለወላችሁት ደግሞ ሥር ያለው ብረት ብቅ ይላል።

የፓሪስ ሻጮች አንድን ዕቃ «ኤፖክ ሉዊ 15» ወይም «ስቲል ሉዊ 15» ይሉታል። የመጀመሪያው በንጉሡ ዘመን ተሠራ ማለት ነው፣ ሁለተኛው አምሳያው ነው። ዛጎልና የተጠማዘዘ ቅጠል ባያችሁ ቁጥር 18ኛው ክፍለ ዘመን አይምሰላችሁ፤ 19ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ጌጥ እንደገና አግተልትሎታል። የሚኔርቫ ራስ ካለበት ጉዳዩ አለቀ፣ ንጉሡ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እውነተኛው አሮጌ ብር ጥቂት የሆነውም በምክንያት ነው፦ ሉዊ 14 እ.ኤ.አ. በ1689 የቬርሳይን የብር ዕቃ ለጦርነት ወጪ አቀለጠ፣ በ1709ና በ1759 ተደገመ፣ ከዚያ አብዮቱ መጣ።

በማንኪያው ላይ ያለውን የሌላ ቤተሰብ ስም ፊደል አታስፍቁ፤ ብሩ ይሳሳል፣ ትንፋሻችሁን እፍ ስትሉበት ጠባሳው ይታያል።

ጨው ማቅረቢያው ውስጥ ጨው አታሳድሩ።

ሹካው በፈረንሳይ ገበታ ላይ ጥርሱ ወደ ታች ተደፍቶ የሚቀመጠው ያ ፊደል የተቀረጸው ከጀርባው ስለሆነ ነው፤ «ተሳስተው ነው» ብላችሁ አታገላብጡት።

ቢላዎቹን በማጠቢያ ማሽን አትክተቱ። እዚህ ላይ አልቆጣም፣ የባሰውን ሠርቻለሁና። በመጀመሪያው ዓመቴ የደንበኛ 12 ቢላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ምሳ ወጣሁ። እጀታው ውስጡ ባዶ ነው፣ ስለቱን ይዞት ያለው ሙጫ መሰል ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። ስመለስ ስለቱን ሳነሳ እጀታው ውሃው ውስጥ ቀረ። ዘጠኙን መልሼ አጣበቅሁ። ለሦስቱ ከደመወዜ ተቆርጦብኛል፤ ቤቴ አሉ፣ ዳቦ ስቆርስ ይወዛወዛሉ።