ከአሮጌ ራዲዮ ማግኔት አቅጣጫ ጠቋሚ መርፌ አሠራር

የተበላሸ ራዲዮ ከመጣልዎ በፊት ስፒከሩን ፈትተው ጀርባውን ይመልከቱ፤ እዚያ የተጣበቀው ጥቁርና ክብ ነገር ማግኔት ነው። ከእርሱ ሌላ የሚያስፈልገው አንድ የልብስ መርፌ፣ ከወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ፣ ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ሳህንም ብቻ ነው። የብረት ሳህን መርፌውን ስለሚያሳስት አይጠቀሙበት።

መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው የማግኔቱን አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ከመርፌው ቀዳዳ እስከ ሹሉ ጫፍ በቀስታ ይሳቡበት፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ማግኔቱን ከፍ አድርገው በአየር ይመልሱትና እንደገና ከቀዳዳው ይጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቢላ እንደሚስል ሰው ወዲያና ወዲህ ካሹት፣ ሲሄድ የሠራውን ሲመለስ ያፈርሰዋል። 40 ጊዜ ያህል ይበቃል።

ምክንያቱም ብረት በውስጡ እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ማግኔት የሚሆኑ እጅግ ብዙ ረቂቅ ክፍሎች ስላሉት ነው፤ እነዚህ ወደየአቅጣጫው ዞረው ሳለ የአንዱ ኃይል የሌላውን ያጠፋዋል፣ ማግኔት በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ ሲያልፍባቸው ግን አብዛኞቹ ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። ጠንካራው የመርፌ ብረት ሰልፉን ይዞ ይቆያል፤ ለስላሳ ምስማር ቶሎ ይለቀዋል። መዳብና ነሐስ ግን በማግኔት አይሳቡም፤ ቁርጥራጭ ብረታ ብረት የሚገዛ ነጋዴ ነሐስ የተቀባ ብረት እንዳይሸጥለት ማግኔት የሚያስጠጋውም ለዚሁ ነው።

መርፌውን ቡሹ ላይ አጋድመው ሳህኑ መሐል ሲያንሳፍፉት ዝግ ብሎ ይዞርና ሰሜንና ደቡብን ይዞ ይቆማል። በጣትዎ ገፋ ያድርጉት፤ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ መሳቡን ይድገሙ። ፊትዎን ወደ ፀሐይ መውጫ ሲያዞሩ በግራዎ በኩል ያለው ጫፍ ሰሜን ስለሆነ የጥፍር ቀለም ይቀቡት። ስልክዎንና ማግኔቱን በዚህ ጊዜ ከሳህኑ ያርቁ።

አዲስ አበባ በምድር ማግኔታዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር ማግኔት ኃይል ከመሬት ጋር አግድም በሚሆንበት መስመር፣ አጠገብ ስለምትገኝ መርፌው በዚያ ሳያዘነብል አግድም ይተኛል፤ ለንደን ውስጥ መሐሉን በክር ታስሮ የተንጠለጠለ መርፌ ግን የሰሜን ጫፉ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም (የምድርን ጠባይ የሚያጠና ጣቢያ) የምድርን ማግኔት ለመለካት ተፈላጊ ያደረገው ይኸው በማግኔታዊው ወገብ አጠገብ መገኘቱ ነው።

እሳትና ተደጋጋሚ መውደቅ ሰልፉን ስለሚበትኑት መርፌው በጊዜ ብዛት ሊሰንፍ ይችላል። ያን ጊዜ እንደገና ይሳቡበት፤ ነገር ግን በዚያው የማግኔት ገጽና በዚያው አቅጣጫ ይሁን፣ አለዚያ ቀለም የቀቡት ጫፍ ደቡብን ያሳይዎታል።